ከግንቡ ማዶ የሚሰማኝ ለቅሶ

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ድሬዳዋ፣ ባቡር ጣቢያ እሠራ ነበር። ትርፍ አንጀቴን በኦፕራሲዮን አውጥተውልኝ ቤቴ ከገባሁ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠላኝ። ዓይኔን ስከድን እንደገና ሆዴን የሚቀድዱኝ እየመሰለኝ በላብ ተነክሬ እባንናለሁ። ይባስ ብሎ ከግንቡ ማዶ፣ ከእህቴ ቤት በኩል፣ ለቅሶ ይሰማኝ ጀመር። ያውም በጠራራ ፀሐይ! «አስካለ፣ ማነው የሚያለቅሰው?» እላታለሁ ሚስቴን። «ማንም አያለቅስም፤ ያደነዘዘህ መድኃኒት ገና አልወጣልህም» ትለኛለች። ጎረቤታችን ሐጂ አደምም «አቦ፣ መድኃኒቱ ነው፤ ይወጣልሃል» ይሉኛል። እህቴስ ለምን አትጠይቀኝም ስል፣ ቢዮ አዋሌ ሄዳለች አሉኝ። በቃ አብጃለሁ ብዬ አመንኩ፤ ጠበል ውሰዱኝ ብዬ ለመንኩ።

ቁስሌ የደረቀ ሰሞን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሐጂ አደም ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ክው አልኩ። «እህትህ አርፋለች፤ አንተ ሆስፒታል ሳለህ ነው። እንዳይብስብህ ብለን ደበቅንህ» አሉኝ። ወደ ሚስቴ ዞርኩ። «ያ ለቅሶስ?» አልኳት። «ልጆቿ ናቸው» አለች፣ እየተንሰቀሰቀች። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «እሰይ! አላበድኩማ!» የሚል ነበር። ሽማግሌዎቹ ደንግጠው እርስ በርስ ተያዩ። ሐጂ አደም ራሳቸውን እየነቀነቁ «አቦ፣ ለካ እውነትም መድኃኒቱ አልወጣለትም!» አሉ።