ሲተኛ የማይተኙት

በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ብርድ፣ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ ሕፃን ልጇን ያቀፈች አንዲት እናትና አንዲት የጥርስ ክሊኒክ ሠራተኛ ተቀምጠው ያወራሉ። እናትየው ጀመረች።

«ገና ሁለት ዓመቱ ነው። የፊት ጥርሶቹ እንዲህ ጠቆሩብኝ።»

«ማታ ምን ይዞ ይተኛል፣ እህቴ?»

«ስኳር በጨርቅ ቋጥሬ አጎርሰዋለሁ። እሱን እየጠባ ዝም ይላል።»

«ሌሊቱን ሙሉ?»

«እስኪነጋ። ጠዋት ጉንዳን ከትራሱ እስከ ጉንጩ ተሰልፎ አገኛለሁ።»

«ቀን ቢሆን ምራቁ ያጥብለት ነበር። ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል። እነሱ ግን አይተኙም።»

«እነማን?»

«ጥርሱ ላይ በሚለጠፈው ነጭ ዝልግልግ ውስጥ የሚኖሩት ጀርሞች።»

«አፉ ውስጥ ሰፈር አለ በይኛ።»

«አለ። በእኔም አፍ አለ፤ በአንቺም። ስኳሩን በልተው አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱ ጥርሱን ያሟሟዋል። ምራቅ ፋታ ካገኘ ገና ያልተቦረቦረውን ቀስ እያለ ይጠግናል።»

«ድምፅ የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«እኔ ደግሞ ዝም ሲልልኝ፣ ተመስገን ብዬ እተኛ ነበር።»

«ዛሬ ማታ ስኳሩን ተዪው። ያለቅስብሻል፤ የቀሩት ጥርሶች ግን ይተርፉለታል።»

እኔም ቤት ትንሿን ልጄን እንዲሁ ስኳር ቋጥሬ እያጎረስኩ ነበር የማስተኛት። በማግስቱ ጠዋት፣ ሌሊቱን ያለ ስኳር ስታለቅስ ያደረችው ልጄ ሳትነቃ፣ የእሷን ቋጠሮ ደጅ አውጥቼ ለጉንዳኖቹ ፈታሁትና ተመስገን አልኩ።