ጭጋግ ውስጥ ያዳመጣቸው ድምፅ

ጡረተኛው መቶ አለቃ ወልደአረጋይ ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ ሲመለሱ ጭጋጉ መንገዱን ዋጠውና ሚኒባሱ ቆመ። ጭጋጉ እስኪገፈፍ ድረስ አጠገባቸው ከተቀመጠችው ከፈሂማ ጋር ጨዋታ ጀመሩ። ፈሂማ የአልዩ አምባ ልጅ ናት። ተምራ፣ የስልክ ንግግር አዳምጦ ጠላትን የሚለይና ድሮን የሚያስመታ ማሽን ለአገር መከላከያ ከሚሠሩት አንዷ ሆናለች። ማሽኑ የጠቆመውን ሰው ሳያጣራው ሥራ እንዲጀምር ፈርሚ ብትባል እምቢ ማለቷን አጫወተቻቸው።

«ምነው ልጄ?» አሉ መቶ አለቃው ቅር ብሏቸው። «እኛ ያን ሁሉ ጓደኛ የቀበርነው ቀድሞ የሚሰማልን አጥተን እኮ ነው። ማሽን እንደሁ አይተኛ፣ ለዘመድ አያዳላ፣ ጉቦ አይበላ!»

«እውነትዎን ነው አባባ። ግን ሰማ ማለት ገባው ማለት አይደለም። ከፈቀዱልኝ በዚህ ላፕቶፕ ባለው መሞከሪያ ላሳይዎት፤ ስልክዎን እንዲያዳምጥ አደርገዋለሁ፣ እስቲ ቤት ይደውሉ።»

እሺ ብለው ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወለተሐና ደወሉ። «ጭጋግ ይዞን ነው። እነኪዳነወልድን ጥሪያቸው፤ ነገ በማለዳ ወርደን እንጨርሰዋለን። አንድም እንዳይቀር!»

ስልኩን እንደዘጉ ከፈሂማ ላፕቶፕ እንደ ዜና አንባቢ የጠራ፣ ለስላሳ የሴት ድምፅ ወጣ።

«የጥቃት ዕቅድ። ጊዜው ነገ ማለዳ። ትእዛዙ አንድም ሰው እንዳይተርፍ። ተናጋሪው አሁን ከጎረቤላ በላይ፣ መንገድ ላይ ቆሟል።»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መቶ አለቃው ዞረ።

«ገብስ እኮ ነው! ለአጨዳ ጎረቤት ጥሪ ማለቴ ነው!» ብለው መቶ አለቃው ላፕቶፑ ላይ ጮኹ።

«ተናጋሪው ደንግጧል» አለ ድምፁ፣ በዚያው ልስላሴ። «ሊያመልጥ ይችላል።»

በመስኮቱ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። ከነጭ ጭጋግ በቀር ምንም አይታይም፤ ቢሆንም ከዚያ ከነጩ ውስጥ አንድ ነገር ቁልቁል የሚያያቸው መሰላቸው።

«ዝጊው» አሉ በሹክሹክታ።

ዘጋችው። ትንሽ ቆይተው፣ «ታዲያ ይጣል ነው የምትይው?» ሲሉ ጠየቋት።

«የለም አባባ። ጠላት ሲመጣ ቀድሞ ይጠቁመን። ከጥቆማው በኋላ ግን የአገሩን አነጋገር የሚያውቅ ሰው በጆሮው ይስማ፣ በስሙም ይፈርም። ስህተት ቢፈጠር ማሽን ፍርድ ቤት አይቆምም። ወላሂ፣ ያለዚያ አልፈርምም።»

«እስከ ዛሬ በማሽን የሚደመጠው ጠላት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እኔም ኖሬያለሁ» አሉ መቶ አለቃው። «አለቆችሽ ፊት አቅርቢኝ፤ እንደ ወታደር እነግራቸዋለሁ።»

እንዳሉትም አደረጉ። ከብዙ ክርክር በኋላ ሰው ሳያዳምጥና ሳይፈርም እርምጃ እንዳይወሰድ ተወሰነ። ጥቅሙ ለመታየት አልዘገየም፤ ወታደሩ እውነተኛውን ጠላት ለይቶ ያገኘው ጀመር፣ ገበሬውም በገዛ ሠራዊቱ ላይ ያለው እምነት ጸና። በዚያው ሰሞን ማሽኑ «ጎህ ሳይቀድ ተሰባስበው ምሽግ ሊቆፍሩ ነው» ብሎ ያመለከተውን ንግግር አንድ የሰላ ድንጋይ ተወላጅ አዳመጠውና የቀብር ጥሪ መሆኑን አወቀ። ለቀስተኞቹም ሟቻቸውን ቀብረው፣ እዝን ቀምሰው ወደየቤታቸው ገቡ። ከሞት ምን ያህል ቀርበው እንደነበር የነገራቸው የለም።