የአሰልጣኟ እናት

ከቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር በተሳፈርኩበት አውቶቡስ፣ ከፊቴ አንዲት እናትና አንዲት ተማሪ ያወራሉ። የተዋወቁት ገና ፌርማታው ላይ ነው።

«ምንድን ነው የምትማሪው ልጄ?»

«ሶሲዮሎጂ። ግን ሜጀሬን ቼንጅ ላደርግ ነው። እማዬ ሥራ የለውም ትላለች።»

«የኔም ልጅ እሱኑ ተምራ ዘመድ ሁሉ ሲስቅባት ነበር። ዛሬ የሴት ልጆች ሆኪ አሰልጣኝ ናት!»

«ሶሲዮሎጂና ሆኪ ምን አገናኛቸው?»

«እኛ የሰፈሩ እናቶች፣ ልጆቻችን በረዶ ላይ በዱላ ሲራኮቱ አናይም አልን። እሷ በየቤታችን እየዞረች፣ ሻይ እየጠጣች፣ ምን እንደምንፈራ ጠየቀችን። የተማረችው ይኼንኑ አይደል? ከዛ መንሸራተቱን መጀመሪያ እኛኑ አስተማረችን።»

«እርስዎም በረዶ ላይ ወጡ?»

«ወጣሁ፣ ወደቅሁም! ልጆቹ ግን ፈቅደንላቸው ተጫወቱ፣ ቅዳሜ የውድድሩን ዋንጫ ይዘው መጡ።»

«ውይ ደስ ሲል!»

«ከዛማ ድሉን ለማክበር የድሮ ባቡሮች ሙዚየም ወስዳ በኤሌክትሪክ ባቡር አንሸራሸረችን። እልልታችን የባቡሩን ደወል ዋጠው።»

«እስቲ እዚህም እልል ይበሉ!»

«ሹፌሩ ያወርደኛል። ይልቅ እናትሽን ኮል አድርጊልኝ፣ እኔ ላናግራት።»

ልጅቷ ደውላ ስልኩን ስታቀብላቸው፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ እልልታውን በሆዴ አቀለጥኩት።