በመብራት የሚዞር ሸክላ

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የፀደይ ውሸት ግን ለማደርም ዕድል አላገኘም። ጠዋት ዳንግላ ላይ ለአክስቷ ለወይዘሮ ወርቅአየሁ «ጓደኛዬ ቤት ላጠና ነው» ብላ ወጣች። ረፋዱ ላይ እንጅባራ፣ አንድ ብየዳ ቤት በር ላይ እጇ እስከ ክርኗ በጭቃ ተለውሶ ቆማ ሳለ አንድ ባጃጅ ፊቷ መጥቶ ቆመ። ከባጃጁ መጀመሪያ በትር ወጣ፣ ቀጥሎ አንድ እግር፣ ከብዙ ማቃሰት በኋላ ደግሞ ሌላው። አክስቷ ነበሩ።

«ይሄ ነው ጥናቱ?» አሉ እጇን እያዩ።

ፀደይ በትሩን አየችው። ቤት ውስጥ ታይቶ አያውቅም። «እርስዎስ አዲስ ቅዳም ከተማ ለቅሶ አለብኝ ብለው አልነበር? ሟቹ እንጅባራ መጥቶ ነው የሞተው?»

ወይዘሮ ወርቅአየሁ በትሩን ከጀርባቸው ሸሸጉት። የመጡት ከጤና ጣቢያ ነበር፤ ባጃጁን ያስቆሙት ሲያልፉ ፀደይን አይተው ነው። ነርሷ ጉልበታቸውን ዳስሳ «መዞሩን ካልተዉ እግርዎ ይተውዎታል» ብላቸዋለች። መዞር ማለቷ የሸክላ ሥራቸውን ነው። እሳቸው እንደ እናታቸው ጭቃውን መሬት ላይ ያስቀምጡና ጎንበስ ብለው ራሳቸው ይዞሩታል። ማሰሮው እንደ ጌታ ተቀምጦ፣ ሴትዮዋ እንደ አሽከር ትሽከረከራለች። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ጉልበት ያለው ሰው እንደሆነ ግን አያጠራጥርም።

ነርሷ ያለችውን ነገሯትና «እንግዲህ ተውኩት» አሉ ወይዘሮዋ። «ባጃጅ ላይ ሆኜ ቆርጫለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ጭቃ አልነካም።»

ፀደይ ደነገጠች። የአክስቷ እጅ ደህና ነው፤ የደከመው ጉልበታቸው ብቻ ነው። ደግሞ ወይዘሮ ወርቅአየሁን ያለ ጭቃ ታውቃቸዋለች፤ ዝናብ ሥራ ሲያስተጓጉል ከዶሮዎቹ ጋር ይጣላሉ። ለዘለዓለም ቢቀመጡ ምን ይውጣቸዋል? የመጣችበትን ነገር ሸሽጋ ልታቆየው አልቻለችም። ክንዳቸውን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው።

የብየዳ ቤቱ ባለቤት አዝመራው ወንበር አቀረበ። ፊት ለፊታቸው በመብራት የሚሠሩ ሁለት የሸክላ መሥሪያ መዘውሮች ነበሩ። አንደኛው ከውጭ የመጣ፣ ትንሽ፣ ነጭና የሚያብረቀርቅ። ሁለተኛው አዝመራው ራሱ ብረት በያይዶ፣ ሞተር ገጥሞ የሠራው ከባድ ነገር፤ መልኩ የማያስመሰግን። ፀደይ ከደረሰች ጀምሮ ሁለቱን ስትፈትን ነበር የቆየችው። ልቧ መጀመሪያ ነጩን ወድዶ እንደነበር ለአክስቷ አልደበቀችም። ነገር ግን ለእንስራ የሚበቃ ጭቃ ጭናበት በሁለት እጇ ስትጫነው አቃስቶ ቆመ። ቀስ በል ቢሉትም አይሰማም፤ አክስቷ ጭቃው ላይ የሚቀላቅሉት የተፈጨ የሸክላ ስባሪ በፍጥነት ሲሽከረከር መዳፏን ልጦታል። ከባዱ ግን ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ሲጫኑትም አይለግምም።

ወይዘሮዋ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሰምተውም ራሳቸውን ነቀነቁ። መብራት ሲጠፋስ ምን ሊኮን ነው ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ አርፈው ይቀመጣሉ፣ ነርሷም ያዘዘችው ይህንኑ አይደል፣ አለች ፀደይ። ቤታችን መብራት ያለው ሳሎን ብቻ ነው፣ እኔ የምሠራበት ጓሮ ድረስ ማን ገመድ ይስባል አሉ። እንግዲያው ሳሎን እንሥራ፣ በሩን ከፍተን፣ አለች።

ይህን ጊዜ የወይዘሮዋ ፊት ጠቆረ።

«አንች ልጅ፣ ጓሮ የምሠራው ጓሮ ወድጄ ይመስልሻል? እኔን ሲያዩ ልጃቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ አሉ። ጀበናዬን ይገዙኛል፤ ውኃ ብለምናቸው ግን ከሚጠጡበት ብርጭቆ አይሰጡኝም። ቡዳ ናት ይላሉ። አሁን ደግሞ ሰው ሳይነካው የሚዞር ነገር ሳሎኔ ቢያዩ፣ ‹ይኸው፣ አላልንም?› አይሉም?»

«አውቃለሁ አክስቴ። ክፍል ውስጥም ‹አክስትሽ ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ› ይሉኛል። ከእንግዲህ ‹ጅብ መሆን ቢችሉ ኖሮ በጉልበት ሕመም ባጃጅ ይሳፈሩ ነበር?› እላቸዋለሁ።»

አዝመራው ሳቁን ሊውጥ ያልወደቀ ብሎን መፈለግ ጀመረ። ወይዘሮዋ ግን አልሳቁም።

«ትቀልጃለሽ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ኖሬበታለሁ።»

ፀደይ ቀልዷን ዋጠችው። «ይቅርታ አክስቴ። ግን የሚፈሩት ያላዩትን ነው። እኛ በተደበቅን ቁጥር ወሬው ይወፍራል። በሩን ብንከፍተው የሚያዩት ጭቃና ላብ ነው። ጭቃ ማንን በልቶ ያውቃል?»

ወይዘሮዋ ወደ መዘውሩ አዩ። ውጭ የጀመረው ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በመጨረሻ «ለመንካት ብቻ» ብለው ተነሡ። አዝመራው ከባዱን መዘውር አስነሣው። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ጎንበስ አሉ፣ እጃቸውን ጭቃው ላይ አሳረፉ፣ ከዚያም እግራቸው ከልጅነቱ የለመደውን አደረገ፤ መዘውሩን መዞር ጀመሩ። መዘውሩ ይዞራል፣ እሳቸውም ይዞራሉ። ማንም አፉን ሳይከፍት የሞተሩ ገመድ ቁርጭምጭሚታቸውን ያዘው። ተንገዳገዱ፤ የውኃው ጣሳ ተገልብጦ ወደ ሶኬቱ ፈሰሰ። አዝመራው ዘሎ ከቆጣሪው ላይ መብራቱን አጠፋ።

ፀደይ አክስቷን በወገባቸው ይዛ ቀርታለች።

«አላልኩሽም?» አሉ ወይዘሮዋ። «ሊገድለኝ ነው።»

«ልክ ነዎት» አለች ፀደይ። «ገመዱን መሬት ላይ የተውኩት፣ ውኃውን ከሶኬት አጠገብ ያኖርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የመብራት አይደለም፤ የእኔ መዝረክረክ ነው።»

ክርክሯን ትታ ሥራ ያዘች። ወለሉን አደረቀች፤ አዝመራው ገመዱን በግድግዳው ላይ ከፍ አድርጎ አሰረ፤ ውኃው በሌላኛው ወገን ተቀመጠ። ከዚያም ወንበሩን ወደ መዘውሩ አስጠጋችው።

«ይቀመጡ አክስቴ። ዛሬ እርስዎ አይዞሩም፤ እሱ ነው የሚዞረው።»

ወንበሩን በበትራቸው ነካ ነካ አድርገው ተቀመጡ። አዝመራው መብራቱን መለሰ፤ መዘውሩ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። መጀመሪያ እግራቸው ከወንበሩ ሥር ይራመድ ነበር፤ ልማድ አይደል። ቀስ በቀስ እግራቸው ዝም አለ። እጃቸው ግን ሥራውን ያውቃል፤ የማሰሮው ግድግዳ ከጣቶቻቸው መሀል ቀጥ ብሎ አደገ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ትንፋሻቸውን ይዘው አዩት። ጉልበታቸውን በአንድ እጃቸው ዳሰሱት። አልጮኸም።

«አዝመራው» አሉ ዓይናቸውን ከጭቃው ሳያነሡ፣ «የዚህን ነገር እግር ትንሽ አሳጥርልኝ። ልወስደው ነው፤ ቤቴ በር ላይ ስቀመጥ መንገደኛው ፊቴን ይይ።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መሣሪያ ስትመርጥ ብልጭልጩን አትከተል፤ ለምትሠራው ነገርና ለምትሠራበት አካል የሚስማማውን ፈልግ። ገመድህን ከእግርህ፣ ውኃህን ከሶኬትህ አርቅ። ከወላጅ የወረስከውን እጅ ያዝ፣ ከወላጅ የወረስከውን የጉልበት ሕመም ግን ተወው። ወይዘሮዋ ዛሬ ወገባቸው አይጎብጥም፤ ማሰሮዎቻቸው እኩል ውፍረት ስላላቸው እሳት ሲነካቸው የሚሰነጠቁት ጥቂት ናቸው፤ በትሩ ከዶሮ ማባረር በቀር ሥራ የለውም።

ዳንግላ ላይ የሳሎኑ በር በተከፈተ ሰሞን መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤታቸው ምህረቴ ነበረች። ደፍ ላይ ቆማ ብዙ አየች። መዘውሩን አየች፣ ጭቃውን አየች፣ የወይዘሮዋን ላብ አየች።

«ይሄ ብቻ ነው?» አለች። ሌላ ነገር ጠብቃ ኖሮ ቅር ያላት ትመስል ነበር።

«ይኸው ነው» አሉ ወይዘሮ ወርቅአየሁ። «ግቢና እጅሽን ንከሪ።»