የታጠፈው ኪስ

ሻሸመኔ፣ ከቀትር በኋላ፤ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ደጃፍ በቆመች መኪና ውስጥ፣ እሌኒ መሪውን ይዛ፣ አማቷ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አዲስ የተቆረጠ ጨርቅ ጭናቸው ላይ ዘርግተው።

ጥሩወርቅ፦ ደውዪና የለቅሶውን ድንኳን ያፍርሱት በያቸው።

እሌኒ፦ እማማ፣ መጀመሪያ በሩን ይዝጉት። ሰው ይሰማል።

ጥሩወርቅ፦ ይስማ። የምደብቀው ምን አለኝ? ይኸው አገኘሁት። ነጭ መደብ፣ ሰማያዊ መስመር፣ በሁለቱ ሰማያዊ መሀል እንደ ፀጉር የቀጠነች ግራጫ። ሙሉ ጣቃ ነው ያለው። ጓዳም ውስጥ ሌላ አለኝ አለ ሰውየው።

እሌኒ፦ አይቻለሁ።

ጥሩወርቅ፦ ካየሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ለወንድሙ ደውዪለት። ሻሸመኔ ሙሉ ይህን ሸሚዝ ለብሶ ይሄዳል በይው። ብላቴ ወንዝ የወሰደው ሰው የእኛ አክሊሉ መሆኑን በምን አወቃችሁ በይው።

እሌኒ፦ ሻሸመኔ ሙሉ አልለበሰውም እማማ። ከሞጆ ጀምሮ አንድም ሰው ለብሶት አላየንም።

ጥሩወርቅ፦ አንቺ መንገዱን ነው የምታዪው። እኔ ሰው ሰውን ሳይ ነው የመጣሁት። ባቱ ላይ ያ ጋሪ ነጂ ለብሶት አልነበር?

እሌኒ፦ የሱ አረንጓዴ ነው። ደግሞ አስቁመው አንገትጌውን ሲገለብጡበት ሊዘርፉት መስሎት ፈረሱን ገርፎ ሊያመልጥ ነበር።

ጥሩወርቅ፦ ኋላ ግን ቆሞ፣ እናቴ ምን ጠፋብሽ ብሎ ጠየቀኝ። ጨዋ ልጅ ነው።

እሌኒ፦ መቂ ላይስ? ለመጋረጃ ነው ብለው ያን ምስኪን ባለ ሱቅ መደርደሪያውን ሙሉ አስወረዱት።

ጥሩወርቅ፦ ምን ልበለው ታዲያ? የሞተ ሰው ሸሚዝ ነው ልበለው?

እሌኒ፦ አሁን አሉት።

ጥሩወርቅ፦ የሞተ ሰው አልኩ እንጂ ልጄ አላልኩም። አንድ ሰው ሞቷል፤ እሱን አልካድኩም። ነፍሱን ይማረው። እናቱ ታልቅስለት።

እሌኒ፦ ከቤት ስንነሳ ምን ነበር የተባባልነው? መቃብሩ ድረስ እወስድዎታለሁ፣ እርስዎም እዚያ አልቅሰው እርምዎን ያወጣሉ።

ጥሩወርቅ፦ ጨርቅ ቤት ባየሁበት ሁሉ ትቆሚያለሽ ብዬ ነው የተስማማሁት። ይህ ጨርቅ በየከተማው የሚሸጥ ከሆነ፣ የለበሰውም ማንም ሊሆን ይችላል ብዬሻለሁ።

እሌኒ፦ ቆምኩ አይደል? ሞጆ ቆምኩ፣ መቂ ቆምኩ፣ ባቱ ቆምኩ። አርሲ ነገሌ ላይ ሱቁ ዝግ ነው ስልዎት ባለቤቱን ከቤቱ አስጠሩ። ምሳ ላይ የነበረ ሰው እጁን ሳይታጠብ መጣ።

ጥሩወርቅ፦ መጣ፤ አልነበረውም። እዚህ ተገኘ። እንግዲህ ስምምነቱ አለቀ። መኪናውን አዙሪ።

እሌኒ፦ ሀላባ ለመድረስ ትንሽ ነው የቀረን። ሽማግሌው ይጠብቁናል።

ጥሩወርቅ፦ የማን ሽማግሌ?

እሌኒ፦ የቀበሩት ናቸዋ። ከወንዙ ያወጡት፣ ያጠቡት፣ በራሳቸው ጨርቅ የከፈኑት። ፊቱን ውሃው ስላጠፋው፣ የሚፈልገው ዘመድ አንድ ቀን ቢመጣ ምልክት ይሁነው ብለው ይህችን ቁራጭ ከሸሚዙ ላይ አስቀርተው ለወንድሙ የሰጡት። በስልክ ያሉኝን ነግሬዎታለሁ። እንግዳ ሰው ሳይለቀስለት አይገባም ብለው የሰፈሩ ሴቶች ወጥተው አልቅሰውለታል። የማያውቁት ሴቶች፣ እማማ።

ጥሩወርቅ፦ እግዜር ውለታቸውን ይክፈላቸው። የሰው ልጅ ቀበሩ፤ ጽድቅ ነው። የእኔ ልጅ ግን ዋና ይችላል።

እሌኒ፦ ይችል ነበር።

ጥሩወርቅ፦ ምን አልሽ?

እሌኒ፦ ይችል ነበር አልኩ። ብላቴ ሲሞላ ዋና ምን ያደርጋል?

ጥሩወርቅ፦ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይህን ነው? የዚያ ሽማግሌ ዶማ ያልቀበረውን ባልሽን በአንዲት ቃል ቀበርሽው።

እሌኒ፦ ቃሏን በቀላሉ ያገኘኋት ይመስልዎታል? የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ የባለቤትሽ ሥራ ምንድን ነው ብትለኝ መሐንዲስ ነው አልኳት። አንገቷን ደፋች። ወሬው ደርሷት ኖሯል። ያን ዕለት ቤት ገብቼ፣ ልብሱን እያጣጠፍኩ፣ ነበር ማለትን ተለማመድኩ። መሐንዲስ ነበር። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣ ነበር። እንደዚህ እያልኩ።

ጥሩወርቅ፦ ተለማመድሽ እንጂ አላለቀስሽም። ሰፈሩ ያማሻል። ዓይኗ ደረቅ ነው ይላሉ።

እሌኒ፦ ሰምቻለሁ። እርስዎ ልጄ አልሞተም እያሉ፣ እኔ ድምፅ አውጥቼ ባለቅስ ምን ይሉኝ ነበር?

ጥሩወርቅ፦ ገደልሽብኝ እልሽ ነበር።

እሌኒ፦ ስለዚህ ዝም አልኩ። ሰው ድንኳኑ ውስጥ ይገባል፣ ይቀመጣል፤ ማንን ያጽናና? የእኔን ፊት ያያል፣ የእርስዎን የተዘጋ በር ያያል፣ ንፍሮውን ቆርጥሞ ይወጣል። ወንድሙ ትናንት፣ ሰው ምን ይበለን፣ እንኳን ደስ አላችሁ ይበል ወይስ እግዜር ያጽናችሁ ይበል ብሎ ጠየቀኝ።

ጥሩወርቅ፦ እንግዲያው ለዚህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የነዳሽው። የማልቀስ ፈቃድ ፍለጋ።

እሌኒ፦ አዎ። ለዚህ ነው።

ጥሩወርቅ፦ ሴትዮዋን ወንዝ ዳር አድርሼ አስለቅሳታለሁ፣ ከዚያ በኋላ ተራዬ ይደርሳል ብለሽ።

እሌኒ፦ እንደዚያ ሲሉት ክፉ ይመስላል። ግን አዎ። ደረቴ ላይ ድንጋይ ተቀምጦብኝ ነው የማስተምረው፣ ድንጋይ ተቀምጦብኝ ነው የምተኛው። ከዚህ በላይ አልችልም እማማ።

ጥሩወርቅ፦ ጨርቁን እስኪ ያዢው። በጣትሽ እሺው። ያው አይደለም?

እሌኒ፦ ያው ነው።

ጥሩወርቅ፦ ካመንሽ ምን እንጨቃጨቃለን?

እሌኒ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቆጡኝም?

ጥሩወርቅ፦ እስካሁን ስትጠይቂኝ አይደለም እንዴ የዋልሽው?

እሌኒ፦ ቁራጯን ለባለ ሱቆቹ ሲያሳዩ ለምንድን ነው ኪሱን ወደ ውስጥ የሚያጥፉት?

ጥሩወርቅ፦ የቱን ኪስ?

እሌኒ፦ ሽማግሌው ያስቀሩት የደረቱን ክፍል ነው። ኪሱ አለ፣ ሁለት ቁልፎችም አብረውት አሉ። እርስዎ ግን ሞጆም፣ መቂም፣ ባቱም ያንን አጥፈው በመዳፍዎ ሸፍነው ጠርዙን ብቻ ነው ያሳዩት። እዚህ ሰውየው ዘርግቼ ልየው ሲልዎት እጁን መቱት።

ጥሩወርቅ፦ እጁ ዘይት ነበረው።

እሌኒ፦ እጁ ንጹሕ ነበር።

ጥሩወርቅ፦ ኪስ ያው ኪስ ነው። ሸሚዝ ሁሉ ኪስ አለው። እኔ የምፈልገው ጨርቁን ነው።

እሌኒ፦ ኪሱን ማን ሰፋው?

ጥሩወርቅ፦ መኪናውን አስነሺ። ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው።

እሌኒ፦ ኪሱን ማን ሰፋው እማማ? የአክሊሉን ሸሚዝ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከእርስዎ እጅ ሌላ የሰፋው የለም። የተሰፋ ገዝቼለት ስመጣ እንኳ፣ የፋብሪካ ስፌት አይበረክትም ብለው ፈትተው እንደገና ነው የሰፉት። እኔ መርፌ አልይዝም፤ የእርስዎን ስፌት ከሰው ስፌት አልለይም። እርስዎ ግን ይለያሉ።

ጥሩወርቅ፦ አስነሺ አልኩሽ።

እሌኒ፦ ልክ ብለዋል፣ ጨርቁ ይሸጣል። ሺህ ሰው ሊለብሰው ይችላል። እንግዲህ ስፌቱ የእኔ አይደለም ይበሉኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ይበሉኝ። ካሉኝ አሁኑኑ አዞራለሁ። ለወንድሙ ደውዬ ድንኳኑን አስፈርሳለሁ። ቤት ገብቼ ልብሱን ወደ ቁም ሳጥኑ እመልሳለሁ። ነበርንም እረሳታለሁ።

ጥሩወርቅ፦ እኔ ስላልኩሽ ብቻ ታምኛለሽ?

እሌኒ፦ አምናለሁ። እርስዎ ይበሉኝ እንጂ።

ጥሩወርቅ፦ የወንድ ሸሚዝ ኪስ በየት በኩል ነው የሚሰፋው?

እሌኒ፦ በግራ።

ጥሩወርቅ፦ በግራ። ሰው ቀኝ እጁን አስገብቶ እንዲያወጣበት። የቁልፍ ቀዳዳውም በግራ ነው የሚቀደደው፣ ቁልፉ ደግሞ በቀኝ ይተከላል። ስለዚህ በማንም ሸሚዝ ላይ ከኪሱ ጎን የምታገኚው ቀዳዳውን ነው። በፈለግሽው ሱቅ ገብተሽ እዪ። ይኸው፣ ዘረጋሁልሽ። ከዚህ ኪስ ጎን ያለው ምንድን ነው?

እሌኒ፦ ቁልፍ።

ጥሩወርቅ፦ ቁልፍ። ኪሱ በቀኝ ነው ማለት ነው። አክሊሉ ግራኝ ነበር። አንደኛ ክፍል የገባ ሰሞን እርሳሱን ከኪሱ ለማውጣት ክንዱን ሲያጣምም አየሁትና ፈትቼ ወደ ቀኝ አዞርኩለት። መምህሩ የልጁ ዩኒፎርም ተበላሽቷልና ይስተካከል ብሎ ላከብኝ። እኔ የምሰፋው ለልጄ ነው፣ ለዩኒፎርሙ አይደለም ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ በቀኝ ነው። ለሰርጋችሁም በቀኝ ነው። አላየሽም?

እሌኒ፦ ሲያቅፈኝ ብዕሩ በዚህ በኩል ነበር የሚወጋኝ። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

ጥሩወርቅ፦ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሊያረዱኝ የመጡ ማለዳ፣ ቁራጯን ጉልበቴ ላይ ሲያኖሯት ገና አውቄያታለሁ። ጨርቅ ይዛችሁ መጣችሁ እንጂ ልጄን አላመጣችሁም ብዬ አስወጣኋቸው። ከዚያ በሬን ዘጋሁ።

እሌኒ፦ ይህ ሁሉ ሱቅስ?

ጥሩወርቅ፦ ባለ ሱቁ ጣቃውን እስኪያወርድ ድረስ ልጄ አለ። የለም ሲለኝ ተነሥቼ እወጣለሁ፤ የሚቀጥለው ከተማ እስክንደርስ ደግሞ አለ። በዚህ ዓይነት ሞያሌም ድረስ ብትነጂኝ አልደክምም ነበር። አለኝ የሚል ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። ይሄኛው ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋልኝ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። እጄ ግን ከእኔ ቀድሞ በቀኝ በኩል የኪሱን ቦታ መለካት ጀመረ። አስቆርጬ ወጣሁ።

እሌኒ፦ እማማ።

ጥሩወርቅ፦ በቃ። ስፌቱ የእኔ ነው። አክሊሉ ሞቷል። እናቱ ነኝ የምልሽ። እንግዲህ አልቅሺ፤ ማንም አይናገርሽም። ሀላባ አድርሺኝና አብረን እናልቅስለት፤ የማያውቁት ሴቶች ያለቀሱለትን እኛ አንንፈገው። ለወንድሙም ደውዪለት፤ እግዜር ያጽናችሁ ይበሉን። ምነው? አስነሺ እንጂ። ምን ታያለሽ?

እሌኒ፦ እዚያ ማዶ ሌላ ጨርቅ ቤት አለ እማማ። እሱን አልጠየቅንም።