ድምፁ የቀረው አስተዋዋቂ

ከማክሰኝት ወደ ጎንደር በሚኒባስ ስንሄድ ከፊቴ አንድ አዛውንትና ነጠላ የተከናነበች ሴት ተቀምጠው ነበር።

«የእሁዱን የቀልድ ፕሮግራም ታይዋለሽ፣ ልጄ?» አሏት።

«አያለሁ፣ አያ።»

«ምነው አስተዋዋቂውን ቀየሩት? ስንት ዘመን የለመድነውን ሸጋ ድምፅ!»

«ታሞ አገሩ ገብቷል፤ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቷል።»

«በምን አወቅሽ?»

«አባቴ ነው።»

አዛውንቱ ዞረው አዩዋት።

«ምን አገኘው?»

«የጉሮሮ ካንሰር። ኦፕራሲዮን ሲያደርጉት ድምፁ በዚያው ጠፋ።»

«የተተካው ልጅ እኮ እንደሱ አይሆንም።»

«እንዲህ አይበሉ፣ አያ። ያስተማረው አባቴ ነው፤ ወረቀት ላይ እየጻፈ።»

«አሁንስ ፕሮግራሙን ያያል?»

«እሁድ ሲሆን ቴሌቪዥኑን ክፈቱልኝ ብሎ በእጁ ያሳያል። ልጁ ‹እንኳን ደህና መጣችሁ› ሲል አብሮት ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ክፍሉ ውስጥ የተኙት በሽተኞች በቀልዱ ይስቃሉ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ።»

«እግዜር ይማረው። አሁን ልትጠይቂው ነው?»

«ላመጣው ነው። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት አሉን።»

መውረጃዬ አዘዞ ደርሰን ነበር፤ «ወራጅ አለ» ለማለት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።