የንቃት ሻይ

ዝናብ ባይጥል ኖሮ እነዚያ ሁለት ሰዎች በእኔ ጣሪያ ሥር አይገናኙም ነበር፤ እኔም ይህን ለመጻፍ ብዕር አላነሳም ነበር።

መድኃኒት ቤቴ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። ፋርማሲስት ነኝ፤ ሰፈሩ ግን «ዶክተር» ይለኛል፤ አይደለሁም ብዬ ባስረዳ ሰሚ ስላጣሁ ትቼዋለሁ። ከባንኮኒዬ ኋላ ቆሜ ጠዋት ጠዋት እየሮጠ የሚገባውን ልጅና እየተጎተተ የሚገባውን ልጅ እለያለሁ። የሚጎተቱት እየበዙ መምጣታቸውን ካስተዋልኩ ቆይቻለሁ። ይህንኑ ለሚመለከታቸው ስናገር «አንተ ደግሞ መድኃኒት ልትሸጥ ነው» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ኩርፊያ አያንሰኝምና ዝም አልኩ።

ያን ዕለት ተማሪ ሲለቀቅ ሰማዩ ተቀደደ። መጀመሪያ የገቡት የቀድሞው ዳይሬክተር ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸውን በኮታቸው ሸፍነዋታል፤ እሳቸው ግን በስብሰዋል። ጡረታ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል፤ ሆኖም የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ስለሆኑ ትምህርት ቤቱ ዛሬም ከእጃቸው አልወጣም። በዘመናቸው ሁሉ የሚኮሩበት አንድ ደንብ አላቸው። ክፍል ውስጥ ያንቀላፋ ተማሪ ወደ ወጥ ቤት ይላካል፤ እዚያ ቆሞ አንድ ኩባያ የጠቆረ ሻይ በብዙ ስኳር ይጠጣል። ጠዋት ለሁሉም ከሚታደለው ዳቦና ሻይ በተጨማሪ ማለት ነው። «የንቃት ሻይ» ብለው ስም ያወጡለት ራሳቸው ናቸው፤ ደንቡም እሳቸው ከወጡ በኋላ አልተሻረም። ተማሪው ደግሞ እሳቸውን «ጋሽ ንቃ» ብሏቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ በሰፈሩ ይህን ቅጽል ስም የማያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የልጅቷ ወላጆች ሥራ ፍለጋ ርቀው ስለሄዱ አያትና የልጅ ልጅ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። እኚያ ቁጡ ሰው ለእሷ ሲሆን ድምፃቸው ይለሰልሳል።

«ዶክተር፣ እንደምን ዋልክ» አሉ ፊታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «ለዚህች ልጅ የትል መድኃኒት ስጠኝ። የሚያነቃ ነገር ካለህም ጨምርበት። ሻዩን እጥፍ አስደርጌላት እንኳ ከዴስኩ ቀና አልል አለች ይሉኛል።»

ልጅቷ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ከላይ በሚፈሰው ውሃ ርሶ ልስኑ የተላጠውን ቦታ መርጣ መቀመጧን ያን ጊዜ ልብ አላልኩም።

ወዲያው ሌላ ሰው ገባ። በቅርቡ ወደ ጤና ጣቢያችን ተዛውራ የመጣችው ወጣት ነርስ ናት። ነፋሱ ጃንጥላዋን ገልብጦባታል።

«ይቅርታ፣ እስኪያባራ ነው። ጃንጥላዬ ዛሬ ውሃ ልቅዳ ብሎ አስቸገረኝ» አለች።

ይህቺ ነርስ ናት የተማሪዎቹ ቁርስ እንዲለወጥ ጥያቄ ያቀረበችው። ኮሚቴው በማግስቱ ተሰብስቦ ሊወስን ነው። ሁለቱ በዝና እንጂ በመልክ አይተዋወቁም ነበር። አስተዋወቅኳቸው፤ ተንኮል አልነበረበትም ብዬ አልምልም።

«አሃ! ሻያችንን ልታስደፊ የመጣሽው አንቺ ነሽ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ግን ይደፋ አላልኩም፤ ከልጆቹ ምግብ ይራቅ ነው ያልኩት።»

«ስሚኝ ሲስተር፣ የኔ ልጅ። እኔ በዳቦና በሻይ ነው ያደግኩት። ይኸው ዓይኔ ያያል፣ ጥርሴም አልወለቀም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሰው የኖረበትን ነገር በአንድ ስብሰባ አያፈርስም።»

«እርስዎ ደርሰዋል፤ ዕድሜ ይጨምርልዎት። ከእርስዎ ጋር አብረው በልተው ያልደረሱትስ? የሚያወራው የደረሰ ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው «ምላሷስ አልሰነፈም» አሉ። ከዚያ ድል እንዳገኘ ሰው ፈገግ ብለው «እሺ፣ ባቄላና ምስር ይብሉ ብለሻል አሉ። በልተው ክፍል ሲገቡ መምህሩ በምን ይተንፍስ?» አሏት።

ሳቄን ማፈን አቃተኝ። እሷም ሳቀች።

«መስኮት ይከፈታል። ንጹሕ አየርም ለልጆች ጥሩ ነው።»

«ቀልዱን እንተወው። ሻዩ እኮ ያነቃል! በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ለትንሽ ጊዜ ያነቃል። ግን ልጁ የሚያንቀላፋው ሰንፎ ሳይሆን ደሙ አንሶ ቢሆንስ? ደም የሚሠራው ከምግብ ነው፤ ብረት ይፈልጋል። ብረቱ ምስሩ ውስጥ አለ፣ ባቄላው ውስጥ አለ፣ ጎመኑ ውስጥ አለ። ዳቦው ውስጥ ያለችው ትንሽ ናት፤ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ያችኑ ትንሿን ይይዝና ወደ ደም እንዳትገባ ያደርጋል። እንግዲህ ይዩት፤ ደሙ ያነሰ ልጅ ያንቀላፋል፣ ስላንቀላፋ ሻይ ይሰጠዋል፣ ሻዩ ከምግቡ የሚያገኘውን ይቀንስበታል፣ እሱም በማግስቱ ብሶበት ያንቀላፋል። ያንቀላፋ ሁሉ ደሙ አንሷል አልልም። ግን ማንም አልመረመራቸውም።»

«እውነቷን ነው?» አሉኝ።

«እውነቷን ነው።»

«ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬዎት ነበር። መድኃኒት ልትሸጥ ነው አሉኝ።»

ዳይሬክተሩ ወደ ልጅቷ ዘወር ሲሉ፣ ልጅቷ በጥፍሯ እርጥቡን ልስን ፍቃ ወደ አፏ ስትወስድ አዩ። ዘለው እጇን ያዙ። ፊታቸው በአንድ ጊዜ ተለዋወጠ። ቁጣ መሰለኝ፤ ነገሩ ግን ሐፍረት ነበር።

«ይኸው! የትል መድኃኒት ያልኩህ ለዚህ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትናንት ከኪሷ ጠመኔ ወጣ። ጠመኔ! የእኔ የልጅ ልጅ ሌባ ትሁን?»

ነርሷ ከልጅቷ ፊት ተንበረከከችና እጇን ያዘች። መዳፏን ገልጣ አየች፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ዝቅ አድርጋ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። ሽማግሌው ግን ጭንቀታቸውን ለእኔ ማውራት ቀጠሉ።

«በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለች አንዲት ነበረች። ጠመኔ ከየክፍሉ እየጠፋ አስቸገረን። በኋላ ሌባዋ ተያዘች፤ ግማሹን በልታዋለች። ጠመኔውን በክር አስሬ አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩና ከሰልፍ ፊት አቆምኳት። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠመኔ ጠፍቶብን አያውቅም። ሕግ ሕግ ነው ብዬ ነበር። አሁን በስተርጅና የልጄን ልጅ እንዴት አድርጌ ሰልፍ ፊት ላቁማት?»

«ክሩ ሰማያዊ ነበር» አለች ነርሷ።

«ምን አልሽ?»

«ጠመኔው የታሰረበት ክር። ሰማያዊ ነበር። ቤት እስክትደርስ አልፈታችውም፤ እናቴ ናት በመቀስ የቆረጠችላት። እህቴ ናት፣ ጋሼ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የምይዘውን አጥቼ የተደረደሩትን ብልቃጦች እንደገና መደርደር ጀመርኩ። ዳይሬክተሩ ለመቀመጥ አግዳሚውን በእጃቸው ሲፈልጉት ልጅቷ ተጠግታ ቦታ ለቀቀችላቸው።

ነርሷ ድምፅዋን አላነሳችም። በሽተኛ እንደምታጽናና ሰው ነበር የምትናገረው።

«እኔ ያን ጊዜ ገና እየዳህኩ ነበር፤ የክሩን ነገር እናቴ ናት የነገረችኝ። ሰፈር ቀየርን። እሷ ትምህርት ቤት አልመለስም አለች፤ ከእናቴ ጋር የሰው ልብስ ታጥብ ነበር። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ትምህርት ቤት ስገባ እጄን ይዛ እስከ በሩ ትሸኘኝ ነበር፤ በሩን ግን አታልፍም። ልስን መብላቷን አልተወችም፤ ደብቃ ትበላለች። እናቴ ትመታታለች፣ ጎረቤት ይስቅባታል፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። አድጋ አገባች። ስትወልድ ደም ፈሰሳት። ለሌላ ሴት የሚያስደነግጥ እንጂ የሚገድል አልነበረም አሉን። ‹ድሮውንም ደም አልነበራትም› አለ ሐኪሙ። ያን ቃል ሳልረዳው ወደ ቤት ተመለስኩ። ነርስ የሆንኩት እሱን ለመረዳት ነው።»

«ልጇስ?» አሉ ሽማግሌው።

«አብረው ሄዱ።»

ብዙ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ መድኃኒት ቤት የደስታ ቤት አይደለም። አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አፉን በኮሌታው ሸፍኖ ሲያለቅስ ግን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አሉ።

«አይደለም። እንዲያ ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ደም የሚያሳጣ ነገር ብዙ ነው፤ ምግብ ማጣት አለ፣ ትል አለ፣ ሌላም አለ። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ጠመኔ የምትበላ ልጅ የጎደላት ነገር አለ ማለት ነው። ሌባ ያልናት ሁላችን፣ እናታችንም ጭምር፣ ‹ለምን ትበያለሽ?› ብለን አልጠየቅናትም።»

«እኔ ደግሞ ሻይ አጠጣኋት» አሉ። «ታንቀላፋ ነበር፤ አስታውሳለሁ። ቆማ ስትጠጣ አስታውሳለሁ። ምን ያደርጋል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

«ጅቡ መቼ ሄደ፣ ጋሼ? ይህቺ እዚህ አለች» ብላ የልጅቷን ፊት ወደ እሳቸው አዞረች። «መነጽርዎን ያድርጉ። እዚህ የዓይኗ ቆብ ውስጥ ቀይ መሆን ነበረበት። ምን ይታይዎታል?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን በእርጥብ ሸሚዛቸው ጠርገው ጎንበስ አሉ።

«ነጭ ነው» አሉ። «እንደ ወረቀት ነጭ ነው።»

«ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይዘዋት ይምጡ፤ ደሟም ሰገራዋም ይታያል። ደሟ ካነሰ ዶክተር የሚሰጣት እንክብል ያቃናታል። አቃንቶ የሚያቆማት ግን በየቀኑ የምትበላው ነው። እርስዎ እሷን ያድናሉ፤ አያት የሌላቸውንስ ማን ያያቸዋል? ለዚህ ነው ነገሩን ወደ ኮሚቴው ያመጣሁት። ለስኳር የምናወጣው ለምስር ይሁን። ጎመኑ ይጨመር፤ ብርቱካን ወይም ሎሚ ሲገኝ አንድ ቁራጭ ከጎኑ ይሁን፣ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ከምግቡ ጋር ውሃ ይጠጡ። ሻይ የወደደ ቤቱ ሄዶ፣ ከምግብ ርቆ ይጠጣ። ሌላ ተአምር የለኝም።»

ዳይሬክተሩ የልጅቷን ጥፍር በመሐረባቸው ጠረጉላትና «ተቆጥቼሽ ነበር» አሏት። «ይቅር በዪኝ፣ እናቴ።»

በማግስቱ ልጅ ባይኖረኝም ስብሰባው ላይ ተገኘሁ። ዳይሬክተሩ ከጤና ጣቢያ በቀጥታ ነበር የመጡት፤ የልጅቷ ደም ማነሱ በምርመራ ታይቷል። ሽማግሌው ተነስተው የሰማያዊውን ክር ታሪክ ከራሳቸው ጥፋት ምንም ሳይቀንሱ ተናገሩ። ነርሷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ሲጨርሱ «እንግዲህ የንቃት ሻይን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የምሽረውም እኔ ልሁን» አሉ።

ከኋላ አንድ አባት፣ ነገሩ የገባውም አይመስልም፣ «ጋሽ ንቃ ዛሬ ራሳቸው ነቁ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌው ቅጽል ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ።

«ልክ ነህ» አሉት። «ግን በጣም ዘግይቼ ነው።»

ሳቁ ቆመ። አንድም ሳይቀር የሁሉም እጅ ለድጋፍ ተነሣ።

ለውጡ እንደ ንግግር አልቀለለም። ትንንሾቹ ሻዬን ብለው አለቀሱ። ወጥ ሠሪዋም «ምስር ስለቅም ዓይኔ ይጥፋ እንዴ?» ብላ አኮረፈች። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት በወጥ ቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው፣ ከምስር ጠጠር የሚለቅሙት የቀድሞው ዳይሬክተር ሆኑ። ሲያልፍ የሳቀ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ሌሎች አያቶችም በርጩማ ይዘው መጡ። ጤና ጣቢያው ልጆቹን እየመረመረ ደማቸው ያነሰውን በመድኃኒት ረዳ፤ ምግቡ የቀረውን ሠራ። መምህራኑ ዴስክ ላይ የሚተኛው እንደቀነሰ፣ በራስ ምታት የሚቀረው እንደቀነሰ፣ ስሌት ላይ የሚፈጥነው እንደበዛ ይናገራሉ። እኔ የምመሰክረው ከባንኮኒዬ ያየሁትን ነው፤ እየተጎተቱ ይገቡ ከነበሩት ውስጥ ብዙዎቹ ዛሬ ይሮጣሉ። ምስርና ጎመን ይህን ያደርጋሉ። ሕፃን ሲያንቀላፋ፣ አፈር ወይም ጠመኔ ሲበላ ያያችሁ፣ ከመቅጣታችሁ በፊት አስመርምሩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነርሷ ጓንት ልትገዛ መጥታ ሳለ ዳይሬክተሩ ገቡ። ከኪሳቸው አንድ ጠመኔ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

«ከልጅቷ ኪስ ነው ያገኘሁት» አሉ። «መምህሯ ሰሌዳ ላይ እንድትጽፍ ሰጥቷት ኖሯል። ተመልሳ ስትቀመጥ ኪሷ ከተተችው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋለ። ለምን አልመለስሽውም ስላት፣ ረሳሁት አለችኝ።»

ነርሷ ጠመኔውን አንስታ አገላበጠችው። የጥርስ ምልክት ፈለገች፤ የለበትም።

«ረሳሁት አለች?»

«ረሳሁት አለች።»

«እህቴ አንድ ቀን እንኳ ረስታው አታውቅም ነበር» አለችና እንባዋ ወረደ። ትንሽ ቆይታ «ልያዘው?» አለች።

ሽማግሌው ጠመኔውን አዩት። «የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው» አሉ። ከዚያ ጣቶቿን በሁለት እጃቸው ጠመኔው ላይ አጠፉላት።

«ውሰጂላት።»